ሐዘንን ወደ ሥራ ስለ መለወጥ



በየዓመቱ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ እርሻና ስለ ስፖርት ብዙ ጠቃሚ ነገር ሲቀርብ አንብቤአለሁ። እኔ ዘንድሮ የምጽፈው ማንም ተማሪ ወድዶ ስለማያጠናው፣ ፈተናው ግን ሳይታሰብ ስለሚመጣ አንድ ትምህርት ነው። ይኸውም የምንወደው ሰው ሲሞትብን ለመኖርና ለማደግ ብርታትን ከየት እንደምናገኝ ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም። ባለፈው ዓመት እናቴ ስለ ሞተችብኝ ነገሩን ለማጥናት ስለ ተገደድሁ ነው።

እናቴ በሞጆ ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ከቆቃና ከመቂ በኩል የሚመጣውን ሽንኩርት በጆንያ ተረክባ ከፊሉን በጉሊት ትቸረችራለች፤ ከፊሉን ደግሞ ለምግብ ቤቶች በዱቤ ትሰጣለች። አባቴ በጭነት መኪና ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ስለ ሆነ ቤታችንን በአብዛኛው የምትመራው እርስዋ ነበረች። በኅዳር ወር ታመመች፤ ሦስት ሳምንት ያህል ተኝታ ዐረፈች። እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉኝ።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስሁ፤ ዳሩ ግን የተመለሰው ሰውነቴ ብቻ ነበር። አስተማሪ ሲናገር እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ግን ቤቴ ሳልደርስ እረሳዋለሁ። ቀድሞ ከክፍሌ 4ኛ የነበርሁት በመንፈቁ 31ኛ ወጣሁ። ከዚህም በላይ ትምህርቴን ጨርሼ ለመተውና በእናቴ ቦታ ጉሊት ለመቀመጥ ቈርጬ ነበር። ለሰው ስናገር «ወንድሞቼን ለማሳደግ ነው» እል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እናቴ ትቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ብቀመጥ እርስዋ ያልሞተች ይመስለኝ ነበር።

የሀገራችን ልማድ ሐዘንተኛን ብቻውን እንደማይተው ሁላችን እናውቃለን። እድር ድንኳን ይተክላል፤ ወንበርና ድስት ያመጣል። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል። ሞጆ የባቡሩ ሐዲድ ያለፈባት፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው የሚኖሩባት ከተማ ስለ ሆነች፣ በእኛም ለቅሶ ቤት ሁሉም በየልማዱ መጥቶ አጽናንቶናል። ከዚያም በክርስቲያን ወግ ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም በየተራው ይታሰባል። ይህ ልማድ ጥበብ ያለበት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው። ሐዘንተኛው እንባውን በአንድ ቀን እንዲጨርስ አያስገድደውም፤ ያለ ወሰንም ሲያለቅስ እንዲኖር አይተወውም። ደረጃ በደረጃ ወደ ሰው መካከል ይመልሰዋል።

ሆኖም ከአርባ በኋላ ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል፤ የሚመጣውም ሰው ይቀንሳል። «ከእንግዲህ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ሐዘንተኛውን የሚያገኘው በዚያን ጊዜ ነው። ለእኔ የመልሱ መጀመሪያ ካላሰብሁት በኩል መጣልኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ሁላችን «አዴ» የምንላቸው ባለ ምግብ ቤት ወደ ቤታችን መጡ። ገንዘብ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ከእናትሽ የወሰድሁት የሽንኩርት ዕዳ ነው፤ 2,400 ብር ነው፤ ቍጠሪው» አሉኝ። እኔ ዕዳ እንዳለባቸው አላውቅም ነበር። ባያመጡትም የሚጠይቃቸው አልነበረም። ከሄዱ በኋላ እናቴ በአልጋዋ ራስጌ ታስቀምጠው የነበረውን ደብተር አነሣሁ። እናቴ ፊደል አታውቅም ነበርና ደብተሩን ከዚያ በፊት ገልጬ አይቼው አላውቅም። በውስጡ የድስት፣ የመኪና ጎማ፣ የዛፍ፣ የጃንጥላ ሥዕል አለ። ከየሥዕሉ ጎን ክብና መስመር ተጽፎአል። ከድስቱ ጎን 2 ክብና 4 መስመር አየሁ። አንዱ ክብ 1,000 ብር፣ አንዱ መስመር 100 ብር መሆኑን በዚያች ሰዓት ተረዳሁ። ድስቱ አዴ ነበሩ።

ደብተሩን ሰኞ ዕለት ወስጄ ለሒሳብ አስተማሪያችን አሳየኋቸው። ገጹን እያገላበጡ ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና «እናትሽ የማታውቀው ፊደሉን ብቻ ነበር እንጂ ሒሳብስ ታውቅ ነበር። ይህ የተሟላ የዱቤ መዝገብ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የደብተሩን መጨረሻ ስገልጥ ሌላ ነገር አገኘሁ። እናቴ ከመታመምዋ በፊት ማታ ማታ ፊደል መማር ጀምራ ኖሯል። በሚንቀጠቀጥ እጅ ከ«ሀ» እስከ «በ» ድረስ ጽፋለች። ከ«በ» ቀጥሎ ያለው ገጽ ባዶ ነው። ለእኛ ሳትነግረን የጀመረችው ምናልባት አፍራ ይሆናል፤ ወይም ጨርሳ ልታስደንቀን አስባ ይሆናል።

ያን ባዶ ገጽ ካየሁ ወዲህ ስለ ሐዘን የተጻፈውን ለማንበብ ፈለግሁ። አስተማሪዎቼም ረዱኝ። ካነበብሁት ውስጥ ሁለት ነገር ለአንባቢዎቼ ላካፍል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ዎርደን በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት መጽሐፍ ሐዘንተኛ አራት ሥራዎች እንዳሉበት ያስተምራሉ። ትምህርታቸውም በኋለኞቹ እትሞች እየተሻሻለ መጥቶአል። ፩ኛ፤ ሞቱ እውነት መሆኑን መቀበል ነው። ፪ኛ፤ ሕመሙን ሳይሸሹ ማሳለፍ ነው። ፫ኛ፤ ሟቹ ከሌለበት ኑሮ ጋር መላመድ ነው። ፬ኛ፤ ሟቹን በልብ ይዞ አዲሱን ኑሮ መቀጠል ነው። ይህን ሳነብ በእናቴ ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ መፈለጌ ገና የመጀመሪያውን ሥራ እንኳ አለመሥራቴ መሆኑ ገባኝ። በሌላ በኩል አራተኛው ሥራ አጽናናኝ፤ ለመበርታት እናቴን መርሳት አለብኝ ብዬ እፈራ ነበርና።

ሁለተኛው፣ ሪቻርድ ቴደስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የደረሱበት ነው። እነርሱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከባድ መከራ የደረሰባቸውን ሰዎች ሲያጠኑ፣ ብዙዎቹ ከመከራው በኋላ የራሳቸውን ጥንካሬ እንዳወቁ፣ ሰውን ይበልጥ እንደ ቀረቡ፣ ያላሰቡት አዲስ መንገድም እንደ ተከፈተላቸው ተገንዝበዋል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምራሉ። እድገቱን የሚያመጣው ሰው ከመከራው ጋር የሚያደርገው ትግል ነው እንጂ መከራው ራሱ አይደለም። እድገት አለ ማለትም ሕመሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ይህ ከሩቅ ሀገር የመጣ ትምህርት ብቻ እንዳይመስል በራሳችን ሀገር የተፈጸመ አንድ ታሪክ እነሆ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ ጣልያን ሀገራችንን በወረረበት በ1936 ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሰደዱ። በስደት ሳሉ ጊዜያቸውን በከንቱ አላሳለፉም። ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 በነርስነት ተመረቁ። ሀገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው ወገናቸውን በሙያቸው ለመርዳት ያስቡ ነበር። ነገር ግን በ1942 ገና በ22 ዓመት ዕድሜያቸው ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምት ዐረፉ።

ሐዘኑ በቤተ መንግሥት ብቻ አልቀረም። በወረራው ጊዜ በጋዜጣቸው ለኢትዮጵያ ሲከራከሩ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በሀገራቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ሲልቪያ ራሳቸውም ሐዘን አልቀረላቸውም። የሕይወት ጓደኛቸው በ1954 ሞቱባቸው። በ1956፣ በ74 ዓመት ዕድሜያቸው፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ፤ በ1960 እስኪሞቱም ድረስ ሠሩ። መቃብራቸው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛል። ልጃቸውም የታወቁ የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሓፊ ሆኑ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈለግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አንብበው በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያም ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች አዩ። ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ሲቆይና ረዳት ሲጠፋ በእናቲቱ ሰውነት ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ሽንትን ለመቆጣጠር ያሳጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑም ይሞታል። ባልና ሚስቱ ይህን በቀዶ ጥገና ማከም ጀመሩ፤ በ1974ም ለዚሁ ብቻ የተለየ ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በ1993 ሬጂናልድ ሞቱ። ካትሪን ባለቤታቸውንም የሥራ ጓደኛቸውንም በአንድ ቀን አጡ። ይሁን እንጂ በ2020 በ96 ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ፣ 27 ዓመት ያህል፣ ከዚሁ ሥራ አልተለዩም። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ የሕክምና ማዕከሎች የተከፈቱት፣ የአዋላጆች ኮሌጁም በ2007 የተቋቋመው ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ «እነዚህ ልዕልትና ሐኪሞች ናቸው፤ ምንም የሌለው ሰውስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ጠይቄአለሁ። መልሱን ያገኘሁት በዚያው ሆስፒታል ታሪክ ውስጥ፣ በወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሕይወት ነው። ወይዘሮ ማሚቱ በገጠር የተወለዱ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ለቀናት አምጠው ልጃቸው ሞተባቸው፤ በፊስቱላም ተጎዱ። በ1962 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥተው ታከሙ። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ። ቀጥለው በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዙ። እያዩና እየሠሩ ተምረው በመጨረሻ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ፣ ለሌሎች ሐኪሞችም ሙያውን የሚያሳዩ ባለሙያ ሆኑ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው። በ2018 ቢቢሲ በየዓመቱ በሚያወጣው የ100 ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ገብቶአል።

እንግዲህ ነገሩን በቅደም ተከተል እንመልከተው። አንዲት ነርስ ልዕልት በወሊድ ሕመም ሞቱ። በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ። ወደዚያ ሆስፒታል እናቶችን የሚረዱ ሐኪሞች መጡ። በሐኪሞቹ እጅ ልጅዋ የሞተባት አንዲት ወጣት ዳነች። እርስዋም በተራዋ ብዙ እናቶችን አዳነች። ሆስፒታሉ ልዕልቲቱን ለአባታቸው አልመለሰም። ወይዘሮ ማሚቱም የሞተውን ልጃቸውን አላገኙም። ማናቸውም ሐዘናቸውን የሚተካ ነገር አልተከፈላቸውም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ሟቹ የጀመረውን ወይም ሟቹን የገደለውን ነገር ተመልክተው እጃቸውን ወደ እርሱ ዘረጉ። ከጥናቴ ያገኘሁት ዋና ትምህርት ይህ ነው። ለሐዘንተኛ ብርታት የሚመጣው «ለምን ሞተ?» ከሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ሳይጨርስ የቀረው ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ እኔ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ለሁለተኛው ግን መልሱ በደብተሩ ውስጥ፣ በ«በ» እና በባዶው ገጽ መካከል ነበር።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ጉሊት የመቀመጡን ሐሳብ ተውሁ። አክስቴ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች፤ ሽንኩርቱንም እርስዋ ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አግዛታለሁ። ለምግብ ቤቶች የምናስረክበው ስለ ቀነሰ ገቢያችን እንደ ቀድሞው አይደለም። ሁለተኛም፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ሰባት የጉሊት ሴቶችን ፊደልና ቍጥር ማስተማር ጀመርሁ። የደንበኛቸውን ስምና የዱቤውን ልክ ለመጻፍ እንዲችሉ ነው። መጀመሪያ የእናቴን ምልክቶች አሳየኋቸው። ሣቁ፤ ሁለቱ «እኛም እንደዚሁ ነው የምንጽፈው» አሉ። ከዚያ ከ«ሀ» ጀመርን። «በ»ን አልፈን «ተ» የደረስንበት ዕለት ትምህርቱን አቋርጬ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ከሴቶቹ አንዷ ተከትላኝ መጥታ ምንም ሳትናገር አጠገቤ ቆመች። ጥቂት ቆይተን ተመልሰን «ተ»ን ጻፍን።

ከጥናቴና ከደረሰብኝ ነገር የተረዳሁትን ለጓደኞቼ በአጭሩ ላቅርብ።

፩ኛ፤ ማልቀስን አትፍሩ። ልማዳችን ለእንባ ጊዜ የሰጠው በከንቱ አይደለም። እንባውን የዋጠ ሰው ሐዘኑን አስተላለፈው እንጂ አላስወገደውም።

፪ኛ፤ ከሟቹ ዕቃ ይልቅ የሟቹን ሥራ ፈልጉ። አባት ለመትከል ያሰበው ዛፍ፣ እኅት የጀመረችው ትምህርት፣ አያት ለልጅ ልጆች ሊያወርሱት የፈለጉት ሙያ ሊሆን ይችላል። ከተገኘም ከትንሹ ጀምሩ። ወይዘሮ ማሚቱ የጀመሩት አልጋ ከማንጠፍ ነው።

፫ኛ፤ ብቻችሁን አትሁኑ። እኔን አዴ፣ አስተማሪዬና አክስቴ ባይደግፉኝ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ክፍል ውስጥ አልገኝም ነበር። ሐዘን የገባበት ጓደኛ ያላችሁም «ምን ልበለው?» ብላችሁ አትሽሹት። ያመለጠውን ትምህርት ገልብጣችሁ ደብተራችሁን ብታውሱት ይበቃል።

፬ኛ፤ ወራት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያለው፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ቢኖር ይህ የስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት ምልክት አይደለም። ሳይዘገይ ለወላጅ ወይም ለአስተማሪ መንገርና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለኝ። የጀመራችሁትንና ልትጨርሱት የምትመኙትን ነገር በሕይወት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ። እናቴ ፊደል እየተማረች መሆንዋን ነግራኝ ቢሆን ኖሮ ከ«በ» ቀጥሎ ያለውን አብረን እንጽፈው ነበር።

ዘንድሮ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በመንፈቁ 9ኛ ወጥቻለሁ፤ ወደ 4ኛ ገና አልተመለስሁም። ትምህርቴን ስጨርስ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ለመማር አስቤአለሁ። ስለ እናቴ ሞት «ለበጎ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ ለማለት አልችልም። እናቴ ኖራ፣ ይህን ሁሉ ሳልማር ብቀር እመርጥ ነበር። ምርጫው ግን ለእኔ አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ ደብተሩ ነው። ከሰባቱ ሴቶች መካከል ሦስቱ አሁን ስማቸውን ይጽፋሉ፤ አራቱም በቅርብ ጊዜ ይጽፋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚመጣው እሑድ ትምህርታችን ከ«ጸ» ይጀምራል።